ርቀትን የሚሠራው ማን ነው?

ሰው «ያ አገር ሩቅ ነው፤ ይህ አገር ቅርብ ነው» ብሎ ሲናገር፣ ርቀት እንደ ተራራ ቁመትና እንደ ባሕር ጥልቀት ከጥንት ጀምሮ የተወሰነ፣ ማንም ሊጨምርበት ወይም ሊቀንስለት የማይችል ነገር ይመስለዋል። እኔ ግን ነገሩን ደጋግሜ ባሰብሁት ቁጥር ርቀት ሦስት ሠሪዎች እንዳሉት አያለሁ። አንደኛው ምድር ነው፤ ሁለተኛው ነፋስ ነው፤ ሦስተኛው ሰው ነው። ይህን ጽሑፍ ለእናንተ ለወጣቶች የምጽፈው ስለ ሦስተኛው ለመናገር ነው። ነገር ግን የሦስተኛውን ሥራ ለይቶ ለማወቅ አስቀድሞ የሁለቱን ሥራ መመርመር ያስፈልጋል፤ የተፈጥሮን ሥራ ከሰው ሥራ ያልለየ ሰው፣ ሊለወጥ የሚችለውን ነገር እንደማይለወጥ አድርጎ ተሸክሞት ይኖራልና።

ምሳሌ የሚሆኑኝ ሁለት የእስያ ከተሞች ናቸው። አንደኛይቱ ሻንጋይ ናት፤ ታላቁ የያንግትሴ ወንዝ ወደ ባሕር ከሚገባበት አጠገብ የተሠራች፣ ከዓለም ታላላቅ የንግድ ወደቦች አንዷ ናት። ሁለተኛይቱ ታይፔ ናት፤ ኤውሮፓውያን በቀድሞ ዘመን ፎርሞዛ እያሉ ይጠሯት በነበረችው በታይዋን ደሴት በስተ ሰሜን ትገኛለች። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

እንግዲህ ከምድር እንጀምር። በተማሪ ቤት የሚታየውን የምድር ሉል ፊታችሁ አድርጋችሁ አንድ ቀጭን ክር ከአንዱ ከተማ እስከ ሌላው ብትወጥሩ፣ ክሩ ያረፈበት መሥመር ከሁሉ አጭሩ መንገድ ነው። አይሮፕላንም የሚከለክለው ነገር ከሌለ ይህንኑ መሥመር ለመከተል ይሞክራል። ምድር ክብ በመሆንዋ ግን ይህ አጭር መንገድ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ሲታይ ብዙ ጊዜ የተጣመመ ይመስላል። ቶኪዮና ቴህራን ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ35ኛውና በ36ኛው ዲግሪ መካከል ይገኛሉ፤ ስለዚህ ካርታ ብቻ ያየ ሰው ከቶኪዮ ወደ ቴህራን መሄድ በቀጥታ ወደ ምዕራብ መሄድ ነው ይላል። በሉሉ ላይ ክር የወጠረ ሰው ግን ክሩ ወደ ሰሜን ተለጥጦ እስከ 45ኛው ዲግሪ፣ እስከ ሞንጎልያ ግድም ድረስ ወጥቶ እንደሚመለስ ያያል። ይህ ምድር የሠራችው ርቀት ነው። ከእርሱ ጋር መጣላት አይቻልም፤ መማር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሠሪ ነፋስ ነው። በምሥራቅ እስያ ሰማይ ላይ፣ አይሮፕላኖች በሚበሩበት በዐሥር ሺህ ሜትር ከፍታ ግድም፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እንደ ወንዝ የሚፈስ ብርቱ ነፋስ አለ፤ በብርድ ወራት ደግሞ ይበልጥ ይበረታል። ስለዚህ ከሻንጋይ ወደ ቶኪዮ የሚበር ሰው ነፋሱ ከኋላ እየገፋው ቶሎ ይደርሳል፤ ከቶኪዮ ወደ ሻንጋይ ሲመለስ ግን በዚያው ርቀትና በዚያው ዓይነት አይሮፕላን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም የበለጠ ጊዜ ሊጨምርበት ይችላል። ይህን ነፋስ አስቀድመው ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ዋሳቡሮ ኦይሺ የሚባል የጃፓን የአየር ጠባይ ሊቅ ነበር። በ1920ዎቹ ዓመታት ታቴኖ ከሚባል የመመልከቻ ጣቢያ ፊኛ እየለቀቀ የነፋሱን ፍጥነት ለካ፤ በ1926ም ያገኘውን በጽሑፍ አወጣ። የጻፈው ግን ለሕዝቦች ሁሉ የጋራ መግባቢያ እንዲሆን ተብሎ በተፈጠረው በኤስፔራንቶ ቋንቋ ስለ ነበር፣ ከውጭ አገር ሊቃውንት ልብ ብሎ ያነበበው ጥቂቱ ብቻ ነው። ነፋስን ሰው ሊሽረው አይችልም፤ ጠባዩን ካወቀ ግን ይጠቀምበታል። የዛሬ አብራሪዎች ነፋሱ ሲረዳቸው ይገቡበታል፤ ሲቃወማቸው ይሸሹታል።

አሁን ወደ ሁለቱ ከተሞቻችን እንመለስ። ከታይፔ ታላቅ አይሮፕላን ማረፊያ እስከ ሻንጋይ ታላቅ አይሮፕላን ማረፊያ ክር ቢወጠር 680 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሁለቱም ከተሞች ከ121ኛው የኬንትሮስ መሥመር ብዙ አይርቁም፤ ሻንጋይ ከታይፔ በስተ ሰሜን በቀጥታ ናት ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ጠፍጣፋው ካርታም ሉሉም አንድ መንገድ ያሳያሉ፤ የምድር ክብነት አያጣምመውም። ብርቱው ነፋስም ከጎን የሚመጣ በመሆኑ፣ ለመሄጃው ብዙ አይረዳም፤ ለመመለሻውም ብዙ አይከፋም። ሰዓታቸው እንኳ አንድ ነው፤ መንገደኛው ሲደርስ የእጅ ሰዓቱን ማስተካከል አያስፈልገውም። በቀጥታ የሚበር አይሮፕላን አየር ላይ የሚቆየው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ዕቃ ለማስመዘንና ወረቀት ለማሳየት የሚጠፋውን ጊዜ ሁሉ ብንጨምርበት እንኳ፣ በጥዋት ከቤቱ የተነሣ ሰው ለምሳ ይደርሳል። ምድርና ነፋስ በእነዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል የሠሩት ርቀት ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚያልፍ ቢገኝ የሦስተኛው ሠሪ ሥራ ነው።

ከዚህ የሚያልፍም ተገኝቷል። ለብዙ ዓመታት ከታይፔ ወደ ሻንጋይ መሄድ የፈለገ ተራ መንገደኛ በመጀመሪያ ወደ ደቡብ ምዕራብ 800 ኪሎ ሜትር ያህል በሮ ሆንግ ኮንግ ይወርድ ነበር፤ ወይም በማካው በኩል ይሄድ ነበር። በሆንግ ኮንግ ከአይሮፕላኑ ወርዶ፣ ሌላ አይሮፕላን ጠብቆ፣ እንደ ገና ወደ ሰሜን ምሥራቅ 1,250 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ድምሩ ከ2,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ከቀጥታው መንገድ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ወደ ሰሜን ለመሄድ ደቡብን ማስቀደም፣ አንድ ሰዓት ተኩል የሚበቃውን መንገድ ግማሽ ቀን ማድረግ፣ ይህ የምድርም የነፋስም ሥራ አይደለም። በመካከል የቆመ ተራራ የለም፤ ያለው ባሕርና ባዶ ሰማይ ብቻ ነው።

የዚህን ምክንያት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በቻይና ለብዙ ጊዜ የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት በ1949 ሲያበቃ፣ ድል ያደረገው የኮሙኒስት ወገን በቤይጂንግ አዲስ መንግሥት አቋቋመ፤ የተሸነፈው የብሔርተኞች መንግሥት ባሕሩን ተሻግሮ በታይፔ ተቀመጠ። ከእርሱም ጋር ወታደርና ሹም፣ ነጋዴና መምህር፣ ሴትና ሕፃን ሆኖ አንድ ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ ተሻገረ። ከሁለቱ ወገኖች ማን እውነት እንደ ነበረው ለመፍረድ አይደለም ይህን ያነሣሁት፤ ፍርዱን ለታሪክ ጸሐፊዎች እተዋለሁ። እኔ የምመረምረው ጠባቸው ርቀትን እንዴት እንደ ሠራው ብቻ ነው።

ጠቡም ብዙ ዘመን ኖረ። ኪንመን የምትባለው ትንሽ ደሴት በታይፔ መንግሥት እጅ ስትሆን፣ በቻይና ዳርቻ ካለችው ከሺያመን ከተማ በዐይን የምትታይ ናት። በ1958 በነሐሴ ወር በደሴቲቱ ላይ የመድፍ ተኩስ ተከፈተ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ተኩሱ በጎዶሎ ቀን ብቻ እንዲሆን ተደረገ። በወሩ በአንደኛው፣ በሦስተኛው፣ በአምስተኛው ቀን ይተኮሳል፤ በሁለተኛው፣ በአራተኛው፣ በስድስተኛው ቀን ያርፋል። ይህ ልማድ እስከ 1979 መጀመሪያ ድረስ ቆየ። ሰው ለፍቅር ቀጠሮ ሲያደርግ አይተናል፤ ለጠብ ደግሞ በቀን መቁጠሪያ ቀጠሮ አድርጎ ሃያ ዓመት ሲጠብቀው ማየት የሚያስገርም ነው። ጠብ በጊዜ ብዛት ቍጣነቱን ይተውና የቢሮ ሥራ ይሆናል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሥልጣኔ አንድ ነገር መናገር ይገባል። ከ1949 በፊት በሻንጋይና በታይዋን ወደብ በኪሉንግ መካከል የእንፋሎት መርከብ ይመላለስ ነበር። መንገዱ ዘገምተኛ ነበር፤ አደጋም ነበረበት፤ በጥር 1949 ከሻንጋይ ወደ ኪሉንግ ስትሄድ የነበረችው ታይፒንግ የተባለችው መርከብ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ስትሰጥም ከአንድ ሺህ የሚበልጥ ሰው ሞቷል። ቢሆንም መንገዱ መንገድ ነበር፤ የተሳፈረበት ሰው በጥቂት ቀን ይደርስ ነበር። ከዚያ በኋላ የዓለም ሊቃውንት በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር የጄት አይሮፕላን ሠሩ። ሰውም በ1969 ጨረቃን ረገጠ። በዚያው ዘመን ግን ከታይፔ ወደ ሻንጋይ የሚሄድ መንገደኛ አልነበረም። በመርከብ ጊዜ ቅርብ የነበረው በጄት ጊዜ ሩቅ ሆነ። ከዚህም የምንማረው፣ መኪናና አይሮፕላን ብቻቸውን ሰውን ከሰው እንደማያቀራርቡ ነው። ሞተር የሚያሳጥረው ምድርና ነፋስ የሠሩትን ርቀት ነው፤ ሰው የሠራውን ርቀት ግን ሰው ካላሳጠረው በቀር ምንም ዓይነት ሞተር አያሳጥረውም።

እስካሁን የቈጠርነው በኪሎ ሜትርና በሰዓት ነው። ነገር ግን ሰው የሠራው ርቀት ዋጋው የሚከፈለው በሰዓት አይደለም፤ በዕድሜ ነው። በ1949 የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ ከሠራዊቱ ጋር የተሻገረ አንድ ወታደር እናስብ። እናቱ ያን ጊዜ የአርባ ዓመት ሴት ናት እንበል። ልጁ ሲሄድ ለጥቂት ወራት ነው ብሎ አስቧል፤ እርስዋም እንደዚያው። ደብዳቤ በቀጥታ መላክ አይቻልም፤ ዘመድ ወይም ወዳጅ በሆንግ ኮንግ ወይም በአሜሪካ ያለው ሰው ብቻ በዚያ በኩል በስውር ወሬ ይጠይቃል። የሌለው ደግሞ እናቱ በሕይወት ትኑር ትሙት ሳያውቅ ይኖራል። ዓመቱ ዓመትን እየወለደ ሄደ። በግንቦት 1987 በእናቶች ቀን ሽማግሌ የሆኑ የቀድሞ ወታደሮች «ቤቴ ናፈቀኝ» የሚል ጽሕፈት ያለበት ሸሚዝ ለብሰው በታይፔ አደባባይ ወጡ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የታይፔ መንግሥት በማዶ ዘመድ ያላቸው ሰዎች እየሄዱ እንዲጠይቁ ፈቀደ። ያ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ያን ጊዜ የኀምሳ ስድስት ዓመት ሰው ሆኗል፤ እናቱም በሕይወት ካለች የሰባ ስምንት ዓመት አሮጊት ናት። ከብዙዎቹ ብዙዎች ያገኙት የእናታቸውን መቃብር ነበር።

እንግዲህ የታይፔና የሻንጋይ ርቀት ስንት ነው? ክሩ 680 ኪሎ ሜትር ይላል። ሰዓቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይላል። ለዚያ ወታደር ግን ርቀቱ ሠላሳ ስምንት ዓመት ነበር። «ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» የሚሉት አባቶቻችን ይህን የመሰለውን ነገር አይተው ነው።

መንገዱ እንዴት እንደ ተከፈተ ደግሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ ከጠቡ ታሪክ ይልቅ የመክፈቻው ታሪክ የበለጠ ትምህርት አለበት። የታይፔ መንግሥት ሕግ «አንገናኝም፤ አንደራደርም፤ አንስማማም» የሚል ነበር። በግንቦት 1986 ግን የታይፔ የሆነ አንድ የጭነት አይሮፕላን ከባንኮክ ወደ ሆንግ ኮንግ ሲበር፣ አለቃው መንገዱን ለውጦ በቻይና ጓንግዡ ከተማ አሳረፈው። እርሱ በዚያ መቅረት ፈለገ፤ ሁለቱ ባልደረቦቹ ግን ወደ ቤታቸው መመለስ ፈለጉ። አይሮፕላኑንና ሰዎቹን ለማስመለስ የግድ መነጋገር አስፈለገ፤ ስለዚህ የሁለቱ ወገኖች የአየር መንገድ ሰዎች በሆንግ ኮንግ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተነጋገሩ፤ ተስማሙም። «አንገናኝም» የሚለው ሕግ ሳይሻር ተገናኙ። በሚቀጥለው ዓመት የዘመድ መጠየቂያው ፈቃድ መጣ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ሕፃን እግር ጥቂት በጥቂት ሄደ። በ2001 መጀመሪያ በኪንመንና በሺያመን መካከል ጀልባ እንዲመላለስ ተፈቀደ። በጥር 2003 ለቻይናውያን አዲስ ዓመት በዓል የታይፔ አይሮፕላን ሻንጋይ አረፈ፤ ነገር ግን በመንገዱ ሆንግ ኮንግ ላይ መውረድ ነበረበት። በጥር 2005 የሁለቱም ወገኖች አይሮፕላኖች ለበዓሉ ሳያርፉ እንዲበሩ ተፈቀደ፤ ቢሆንም በሆንግ ኮንግ ሰማይ በኩል መዞር ነበረባቸው። መሬቱን ሳይረግጡ ሰማዩን ብቻ ነክተው ያልፋሉ፤ ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ ወደ ቤቱ ሲገባ በሰፈሩ ዙሪያ እንደሚዞር ሰው ማለት ነው። በሐምሌ 2008 በየሳምንቱ መጨረሻ መብረር ተጀመረ። በታኅሣሥ 15 ቀን 2008 በባሕሩ ላይ አዲስ የአየር መሥመር ተከፈተና አይሮፕላኖቹ በየቀኑ በቀጥታ ይበሩ ጀመር፤ መርከቦችና ደብዳቤዎችም በቀጥታ መሄድ ጀመሩ። ከታይፔ እስከ ሻንጋይ ያለው መንገድ ከስድሳ ዓመት ግድም በኋላ ምድር ወደ ሰጠችው ልክ ተመለሰ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ እንድትሉ እፈልጋለሁ።

አንደኛው ይህ ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ጠቡ አልተፈታም ነበር። ቤይጂንግና ታይፔ ዋናውን ነገራቸውን ያን ጊዜ አልጨረሱም፤ እስከ ዛሬም አልጨረሱም። ብዙ ሰው «መጀመሪያ ጥፋተኛው ይታወቅ፤ ካሣ ይከፈል፤ ከዚያ በኋላ ሰላምታ እንሰጣጣለን» ይላል። እንዲህ የሚል ሰው ፍርድ የሚወድ ይመስለዋል፤ ግን ብዙ ጊዜ ፍርዱ ሳይመጣ የሚፈረድለት ሰው ይሞታል። እነዚህ ሁለት ወገኖች ትልቁን ነገር ሳይፈቱ ትንሹን ነገር ፈቱ፤ እናቶችና ልጆች እንዲገናኙ የመንግሥታት ክርክር እስኪያልቅ መጠበቅ አላስፈለጋቸውም። የዘገየውም ለዚህ ነው የሚያሳዝነው፤ በ2008 የተቻለው ነገር ቀደም ብሎም የሚከለክለው ተፈጥሮ አልነበረም።

ሁለተኛው ይህ ነው፤ ሰው የሠራው ርቀት ብዙ ከቆየ ተፈጥሮ ይመስላል። በ1970 በታይፔ የተወለደ ልጅ ሻንጋይን የሚያስባት እንደ ሌላ ኮከብ ነበር። ማንም አጥር ሲሠራ አላየም፤ ስለዚህ አጥሩን ተራራ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ልማድ ግንቡን ተራራ ያስመስለዋል። ትዕግሥት የሚገባው ለተራራ ነው፤ ለግንብ ግን ትዕግሥት ማድረግ ስንፍና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ርቀት ባየ ጊዜ «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ነገር የሩቅ አገር ተረት አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ አሥመራ በአየር 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለቱ ከተሞች እንደ ታይፔና እንደ ሻንጋይ አንዱ ከሌላው በስተ ሰሜን በቀጥታ ናቸው፤ ሰዓታቸውም አንድ ነው። ክር ወጥሮ ለሚለካ ሰው ሁለቱ መንገዶች ወንድማማቾች ናቸው። በ1998 ጦርነት ሲነሣ በረራው ቆመ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ የፈለገ ሰው በሦስተኛ አገር መዞር ነበረበት። በሐምሌ 18 ቀን 2018 አይሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አሥመራ ሲያርፍ፣ ለሃያ ዓመት ያልተያዩ አባቶችና ልጆች በማረፊያው እየተላቀሱ ሲተቃቀፉ ዓለም አይቷል። በመስከረም 2024 ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራውን እንደ ገና አቆመ። ከዚህ የምረዳው፣ የተከፈተ መንገድ ልክ እንደ ተተከለ ዛፍ መሆኑን ነው፤ የተተከለበት ቀን ዘፈን ብቻ አያጸድቀውም፤ በየቀኑ ውኃ የሚያጠጣው ይፈልጋል።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «ይህ የመንግሥታት ነገር ነው፤ እኔ ሰማይ የምዘጋ፣ ሰማይ የምከፍት አይደለሁም» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁላችንም በየቤታችን ትናንሽ ሰማዮች አሉን። በአንድ ሰፈር፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ በርስት ወይም በአንዲት ክፉ ቃል ምክንያት የማይነጋገሩ ወንድማማቾችን ያላየ ማን አለ? አንዱ ሲታመም ሌላው የሚሰማው ከጎረቤት ነው። አንዱ ልጁን ሲድር ለሌላው ጥሪ የሚላከው በአክስት በኩል ነው። ያች አክስት የእነርሱ ሆንግ ኮንግ ናት፤ መልእክቱ ሁሉ በእርስዋ ላይ ይወርዳል፤ እንደ ገና ተጭኖ ይሄዳል። በሁለቱ ደጆች መካከል ያለው ዐሥር እርምጃ ነው፤ ግን ሰላምታው ለመድረስ አንድ ወር ይፈጃል፤ ከመዘግየቱም የተነሣ ብዙ ጊዜ ጣዕሙ ተለውጦ ይደርሳል። «ከዐይን የራቀ ከልብ ይርቃል» ይባላል፤ እኔ ግን የተገላቢጦሹን ደግሞ አይቻለሁ፤ ከልብ የራቀ በአጠገብ ቆሞ እንኳ ከዐይን ይርቃል።

ይህን ስል በር ሁሉ ሌትና ቀን ክፍት ይሁን ማለቴ አይደለም። ሌባ የገባበት ሰው ደጁን ቢቆልፍ አይነቀፍም፤ መንግሥትም ሰማዩን ቢጠብቅ ተገቢ ሥራው ነው። ነገር ግን ቁልፍ ሌላ፣ ግንብ ሌላ ነው። የቆለፈ ሰው መክፈቻው የት እንዳለ ያውቃል፤ ማን ሲያንኳኳ እንደሚከፍትም ያውቃል። ግንብ የሠራ ሰው ግን ወዳጁንም ጠላቱንም፣ የገዛ እናቱንም በአንድነት ይከለክላል። ጠብ ያለበት ሰው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «በሩን ዘጋሁት ወይስ በሩን ግንብ አደረግሁት?» ብሎ ነው።

እናንተ ወጣቶች፣ በዕድሜያችሁ ብዙ አገር ትሄዳላችሁ፤ አባቶቻችሁ በወር የሄዱትን መንገድ በአንድ ቀን ትበሩታላችሁ። በዚህ ፍጥነት አትታበዩ። ምድር የሠራችውን ርቀት በትምህርት እወቁት፤ ነፋስ የሠራውን ርቀት በጥበብ ተጠቀሙበት፤ ሰው የሠራውን ርቀት ግን ከሥሩ መርምሩት። ይልቁንም ሠሪው እናንተ ራሳችሁ እንደ ሆናችሁ ባወቃችሁ ቀን፣ ትልቁ ነገር እስኪፈታ አትጠብቁ። በትንሹ ጀምሩ፤ ደብዳቤ ይቅደም፤ ከዚያ የበዓል ጥየቃ ይምጣ፤ ከዚያ የሳምንት፤ ከዚያ የየቀን ሰላምታ። ኪሎ ሜትር ይጠብቃል፤ ምድር ነገም በቦታዋ ናት። እናት ግን አትጠብቅም።